እሺ ባይ ምጣድ፣ እምቢተኛ አምፖል

የምጣዱ ሬዚስታንስ የተበጠሰበት ሰው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሲገባ የሚናገራት ነገር አንዲት ናት፤ «ጠንከር ያለውን ስጠኝ።» ባለሱቁም «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለውን ሽቦ ከመደርደሪያ ያወርድና «ይሄ ኃይለኛ ነው» ይላል፤ ዋጋ ይቆረጣል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ነገሩ ያልቃል። ሁለቱ የተግባቡ ይመስላሉ። ተግባብተዋልም። የተግባቡት ግን ከአፋቸው የወጣውን ቃል አንዳቸውም ከቁብ ስላልቆጠሩት ነው። ሬዚስታንስ ማለት በቀጥታ ትርጉሙ መገተር፣ መቃወም፣ እምቢ ማለት ነው። ጠንካራ ሬዚስታንስ እንግዲህ ጠንካራ እምቢተኛ መሆኑ ነው። ባለሱቁ ቃሉን እንደወረደ ተቀብሎ እምቢታው የበረታውን ሽቦ ቢሸጥለት ኖሮ፣ ቤት የሚጠብቀው ሊጥ ምጣዱ ላይ በመጋገር ፈንታ ሁለተኛ ዙር ይቦካ ነበር። ደንበኛችን የፈለገው ደካማ እምቢተኛ ነው፤ ኮረንቲው ሲመጣ «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» የሚል እሺ ባይ ሽቦ። በቋንቋችን ጠንካራ ብለን የምናሞግሰው በኦም ሲለካ ደካማው ነው፤ በዚህ አንድ ነገር ላይ ሰፈሩ ሁሉ ተገልብጦ እያወራ በሰላም ይኖራል።

ቁጥሩ ይመስክር። በኢትዮጵያ ቤቶች ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት 220 ቮልት ይሰጣል ተብሎ ይታሰባል («ይታሰባል» ያልኩት በምክንያት ነው፤ የበዓል ዋዜማ ላይ ስንደርስ ይገባችኋል)። ቮልት የግፊቱ ልክ ነው። አምፔር በዚያ ግፊት የሚጓዘው ኮረንቲ ብዛት ነው። ኦም ደግሞ መንገዱ ላይ የሚጠብቀው እምቢታ ነው። ቮልቱን ለኦሙ ብታካፍሉት አምፔሩ ይወጣል፤ ከዚህ የበለጠ ሒሳብ አያስፈልገንም። ግፊቱ ካልተለወጠ፣ እምቢታው እጥፍ ሲሆን ኮረንቲው ግማሽ ይሆናል፤ እምቢታው ግማሽ ሲሆን ኮረንቲው እጥፍ። አሁን የቤታችንን ዕቃዎች እናሰልፍ። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ እምቢታው 14 ኦም ገደማ ነው፤ 16 አምፔር ያህል ያሳልፋል። የ1,000 ዋት ካውያ 48 ኦም ገደማ ሆኖ ከ5 አምፔር በታች ያሳልፋል። የድሮው ባለ 60 ሻማ አምፖል ግን ከ800 ኦም በላይ ነው፤ የሚያሳልፈው ከአንድ አምፔር ሩብ ብዙም አይዘልም። (ገበያው «ሻማ» የሚለው ዋትን ነው፤ ስሙ ከእውነተኛው ሻማ ጋር ያለው ዝምድና የሩቅ ነው።) ኩኪስ የሚያህለው አምፖል፣ ሞሰብ ከሚያህለው ምጣድ ወደ ስድሳ እጥፍ የሚጠጋ እምቢተኛ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በአካል ግዝፈት ሰውን እንዳንመዝን የሚመክሩን አባቶች ዕቃንም ጨምረው ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር።

«ቆይ እንጂ» የሚል አንባቢ አይጠፋም። «ሙቀት የሚመጣው ከመጋፋትና ከመፋተግ አይደለም ወይ? እንግዲያው መንገዱን ያጠበበው፣ ኮረንቲውን ያስጨነቀው ዕቃ ነው አብልጦ መሞቅ ያለበት።» ሙግቱ የዋዛ አይደለም፤ ግማሹም እውነት ነው። እምቢታ ጨርሶ ከሌለ ሙቀት የለም። እንግሊዛዊው ጀምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳሳየው ግን ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከእምቢታው ጋር በአንድ እጁ፣ ከኮረንቲው ጋር በሁለት እጁ ነው የሚጨምረው፤ ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ ነው ሒሳብ ውስጥ የሚገባው። እምቢታውን በግማሽ ብንቀንሰው ኮረንቲው እጥፍ ይሆናል፤ በራሱ ሲባዛ አራት፤ አራቱ በግማሽ እምቢታ ሲባዛ ሁለት። ሙቀቱ እጥፍ ሆነ። ሒሳብ የሚሰለቸው ሰው በድሮ ዘመን ሁለት ኬላዎች በሁለት መንገዶች ላይ እንደቆሙ ያስብ። እያንዳንዱ ነጋዴ በኪሱ 220 ብር ይዟል፤ የኬላው ደንብ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ ያለውን አራግፎ ነው የሚያልፈው። የአንደኛው ኬላ በር ሰፊ ነው፤ በቅጽበት አሥራ ስድስት ነጋዴ ያስገባል። የሁለተኛው በር ጠባብ፣ ዘበኛውም ነገረኛ ነው፤ አንድ ነጋዴ ለማሳለፍ አራት ቅጽበት ይፈጅበታል። ማታ ላይ ካዝናው የሚሞላው የቱ ነው? ነገረኛው ዘበኛ እያንዳንዱን መንገደኛ አስለቅሷል፤ ግን የተለቀሰለት ጥቂት ነው። ሰፊው በር ምጣዱ ነው፤ ካዝናው ውስጥ የገባው ብር ሙቀቱ።

ይህ ኬላ አንድ ሌላ የተለመደ አባባላችንንም ይፈታልናል። «ምጣድ መብራት ይበላል» እንላለን፤ ኮረንቲው ገብቶ በዚያው የቀረ፣ የተዋጠ ይመስለናል። አንድም ነጋዴ ግን ኬላው ውስጥ አልቀረም። በአንዱ ሽቦ የገባው 16 አምፔር በሌላው ሽቦ 16 አምፔር ሆኖ ይወጣል፤ ስፒናው ሁለት እግር ያለው ለዚሁ ነው፤ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ። የቀረው ኪሳቸው ውስጥ የነበረው ነው። ቆጣሪው የሚመዘግበውም የተራገፈውን ብር እንጂ የመንገደኛውን አስከሬን አይደለም። ስለዚህ «ይበላል» የሚለውን ቃል ከወደድነው እንያዘው፤ ግን አብልጦ የሚበላው ትንሽ እምቢ የሚለው መሆኑን አብረን እንያዝ። ግብዣ ቤት ተቀምጦ «በቃኝ» ማለት የማያውቅ ሰው ዓይነት ነው።

የምጣድ ጥገና ለዚህ ነገር ጥሩ ማስረጃ ነው። ሬዚስታንሱ ከሸክላው ሥር በተቦረቦረለት መስመር እንደ እባብ ተጠምዝዞ ይተኛል፤ ሲያረጅ አንድ ቦታ ላይ ይሳሳና ይበጠሳል። አዲስ መግዛት የከበደው ቤት ሁለቱን ጫፎች ጎትቶ ያገናኛል፣ በጉጠት ይጠመዝዛል፣ የተቃጠለውን ቁራጭ ይጥላል። ምጣዱ ሲሰካ ተአምር ይታያል፤ ከበፊቱ ፈጥኖ ይግላል! «እንዲያውም ተሻለው» ይባላል። ተሻለው የተባለው በሽተኛ የደረሰበት ይሄ ነው፤ ከሽቦው አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ እምቢታው በአንድ አሥረኛ ይቀንሳል፤ 14 የነበረው ወደ 12 ተኩል ይወርዳል፤ ኮረንቲው ከ16 ወደ 17 ተኩል አምፔር ይወጣል፤ 3,500 ዋት የነበረው ወደ 3,900 ይጠጋል። የጨመረውን ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ያጠረው ሽቦ ነው። እያንዳንዱ ስንዝር ሽቦ ትናንት ከተሸከመው ሩብ ያህል የሚበልጥ ጫና ወደቀበት፤ በሌላ ቦታ ይበጠሳል፤ እንደገና ይቀጠላል፤ እንደገና «ተሻለው»። ምጣዱ እያጠረ በሄደ ቁጥር እየበረታ፣ በበረታ ቁጥር ወደ ሞቱ እየቀረበ ነው። ሽቦው ደግሞ ተራ ሽቦ አይደለም፤ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው፤ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ ባለመብትነት ያገኘበት። ቀይ ሆኖ ግሎ እንኳ አየር እንዳያነድደው በላዩ ላይ የራሱን ሽፋን ያበጃል። ይህን የመሰለ ታጋሽ ብረት በጉጠት እያሳጠሩ ማስመረር የኛ ፈጠራ ነው፤ ባለመብትነቱን የጠየቀ ግን እስካሁን የለም።

«ኮረንቲ አቋራጭ ይወዳል» የሚልም አለ፤ እንዲያውም ብዙ የተማረ ሰው ነው ይህን የሚለው። ኮረንቲ እምቢታው የቀለለውን መንገድ መርጦ የሚሄድ ከሆነ፣ ምጣድ በተሰካበት ቤት አምፖል እንዴት ይበራል? ሁሉም ወደ ምጣዱ በጎረፈ፣ ሳሎኑም በጨለመ ነበር። ሳሎኑ አይጨልምም፤ ምክንያቱም ኮረንቲ አይመርጥም፤ በተከፈተለት መንገድ ሁሉ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ላይ እንደ እምቢታው ልክ ይበዛል ወይም ያንሳል። ለምጣዱ አሥራ ስድስት፣ ለአምፖሉ ሩብ፤ ለሁለቱም ይደርሳል። ይህ ለፈተና የሚጠና ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሳሁት። «አቋራጭ ይወዳል» ብሎ ያመነ ሰው ግን «ሌላ ቀላል መንገድ ስላለው እኔን አይነካኝም» ብሎም ሊያምን ይችላል። የሰው ገላም መንገድ ነው። ደረቅ ቆዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኦም፣ አንዳንዴም መቶ ሺህ ሊደርስ ይችላል፤ ሲረጥብ ወደ አንድ ሺህ ገደማ ይወርዳል። በ220 ቮልት አንድ ሺህ ኦም ማለት ከአንድ አምፔር አምስተኛ ትንሽ የሚበልጥ ኮረንቲ ነው፤ ያን ባለ 60 ሻማ አምፖል ከሚያበራው እንኳ ያነሰ። ልብን ለማቆም ግን ከበቂ በላይ ነው፤ ሰው ለማዳን ተብሎ የሚገጠመው ብሬከር በሦስት መቶኛ አምፔር ላይ የሚዘጋው ለዚህ ነው። «በእርጥብ እጅህ ማብሪያውን አትንካ፤ ባዶ እግርህን ሆነህ ምጣዱን አትጠጋ» የሚሉ እናቶች የኦምን ስም ሳይሰሙ ሕጉን ጠንቅቀው አውቀዋል። እንዲያውም በአውሮፓ ሕጉ ላይ መጀመሪያ የደረሰው ሰው እንደነሱ በገላ ነው የለካው፤ ሄንሪ ካቨንዲሽ የተባለው እንግሊዛዊ ባለጠጋ፣ አምፔር መለኪያ ባልተፈለሰፈበት ዘመን፣ ኮረንቲውን በጨው ውኃ በተሞሉ ቱቦዎችና በራሱ ገላ እያሳለፈ የቱ ንዝረት እንደሚበረታ እያነጻጸረ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1781 ነገሩን ደርሶበት ነበር፤ ግን ለማንም አልተናገረም። ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቀው ዓይነት ሰው ነበርና ማስታወሻው ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ኖረ፤ የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል አሳትሞት ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው።

እሺታ እስከ ምን ድረስ? እምቢታ ማነስ ብርታት ከሆነ፣ ጨርሶ ማጥፋት ትልቁ ብርታት አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ስሙም ኮንታክት ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ልብሳቸው ተልጦ ሲነካኩ በመካከላቸው ያለው እምቢታ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ኮረንቲው በመቶዎች አምፔር ይጎርፋል። ሙቀቱ ግን እሺታ ባለበት ሊያርፍ አይችልም፤ መንገዱ ላይ የቀረችውን ጥቂት እምቢታ ፈልጎ እዚያ ይሰፍራል፤ ግድግዳ ውስጥ ባለው ሽቦ፣ በመገጣጠሚያው፣ በቆጣሪው። ባልቦላ የተፈጠረው ለዚህ ቀን ነው። ባልቦላ ከሌላው ሽቦ ሁሉ ቀጥኖ፣ ትንሽ ከፍ ያለ እምቢታ ይዞ፣ መጀመሪያ እንዲቀልጥ ታስቦ የተቀመጠ መሥዋዕት ነው። አንዳንድ ብልህ ቤት ባልቦላው በተቃጠለ ቁጥር መግዛት ሰልችቶት ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያስርበታል። ከዚያ በኋላ ባልቦላው አይቃጠልም፤ እውነት ነው። የሚቃጠለው ሌላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ሕጉን ራሱን ሊጠይቅ ይችላል፤ ሁሉም ዕቃ ይታዘዝለታል ወይ? አይታዘዝም። ያ የድሮ አምፖል ቀዝቅዞ ሳለ እምቢታው ግሎ ሲያበራ ከሚኖረው አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያም በታች ነው፤ ስለዚህ ማብሪያውን በነካንበት ቅጽበት ኮረንቲው ይጎርፍበታል፤ አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ብልጭ ብሎ የሚሞተው ሲበራ እንጂ በርቶ ሲቆይ ያልሆነው ለዚህ ነው። የስልክ ቻርጀር ደግሞ ግፊቱ ሲቀንስ ኮረንቲ አብዝቶ ይስባል፤ ሕጉ ከሚለው ተቃራኒውን መሆኑ ነው። ኤልኢዲ አምፖልም የራሱ ጠባይ አለው። ስለዚህ የኦም ሕግ ከሕግነት ይልቅ የጨዋ ብረቶች ጠባይ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ምጣድ ግን የጨዋ ቤት ልጅ ነው፤ የኒኬልና ክሮሚየሙ ቅይጥ ሲግልም ሲቀዘቅዝም እምቢታውን እምብዛም አይለውጥም። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም ራሱም ሕጉን ያገኘው ጨዋ ጠባይ ያለው ምንጭ ከተሰጠው በኋላ ነው። የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነው፤ በኮሎኝ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። የዘመኑ ባትሪዎች ግፊታቸው እየዋዠቀ ሲያስቸግሩት፣ በመዳብና በቢስሙት መጋጠሚያ ሙቀትን ወደ ኮረንቲ የሚለውጥ ምንጭ ወሰደ፤ አንዱን ጫፍ በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ ነከረ፤ ግፊቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ርዝመታቸው የተለያየ ሽቦዎችን እየቀያየረ መለካት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1827 ያወጣው መጽሐፍ በአገሩ የቀዝቃዛውን ጫፍ አቀባበል አገኘ፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ የሸለመው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። ለእምቢታ መለኪያ ስሙ መሰጠቱ ተገቢ ነው፤ እምቢ መባልን ያውቀዋል። ምልክቱ የግሪኩ ኦሜጋ ነው፤ አክንባሎ ሁለት እግር አውጥቶ የቆመ የሚመስለው።

እስካሁን እሺ ባዩን ሳሞግስ ቆይቻለሁ። አሁን ዕዳዬን ልክፈል፤ የእምቢተኛው ወገን የሚያሸንፍበት ቦታ አለና። ባለ 60 ሻማና ባለ 100 ሻማ አምፖሎችን ጎን ለጎን፣ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ከ220 ቮልት ጋር ብናገናኝ ባለ 100ው አብልጦ ይበራል፤ ይህ ማንንም አይደንቅም። በአንድ መስመር፣ አንዱን ከሌላው ኋላ አድርገን ብናስተሳስራቸው ግን ባለ 60ው ነው አብልጦ የሚበራው፤ ባለ 100ው ደብዝዞ ይቀራል። የተሳሳተ ነገር የለም። ቅድም ሁለቱ ኬላዎች በሁለት መንገድ ላይ ነበሩ፤ አሁን በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ቆመዋል። በሁለቱም የሚያልፈው ያው አንድ የመንገደኛ ቁጥር ነው፤ 220 ብሩንም ለሁለት ይካፈሉታል። ነገረኛው ዘበኛ አብዛኛውን ይወስዳል፤ ለደጉ ፍርፋሪው ይደርሰዋል። ስለዚህ «እምቢታ ያሞቃል ወይስ እሺታ?» የሚለው ጥያቄ ያለ ቦታው መልስ የለውም። በየራሱ መንገድ ላይ ከሆነ እሺ ባዩ፤ በአንድ መንገድ ላይ ከተሰለፉ እምቢተኛው። የቤታችን ዕቃዎች እርስ በርሳቸው ጎን ለጎን ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ከኋላቸው ካለው ገመድ፣ ከሶኬቱ፣ ከቆጣሪው፣ ከፖሉና ከትራንስፎርመሩ ጋር በአንድ መንገድ የተሰለፉ ናቸው። ችግር የሚፈጠረው በዚህ ሰልፍ ውስጥ ነው።

ሰልፉ ረጅም መሆኑ በበዓል ዋዜማ ይታወቃል። ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ይሰካል፤ በአንድ መስመር ላይ ያለው ኮረንቲ ይበረክታል፤ የመስመሩ ሽቦ ያቺ ትንሽ እምቢታው በብዙ ኮረንቲ ስትባዛ ከግፊቱ ላይ ትልቅ ቁራሽ ትገምጣለች። ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለው ቤት ብዙም አይሰማውም፤ መስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ቤት 220ው 180 ሆኖ ሊደርሰው ይችላል። «ኃይል ቀነሰ» ይባላል። 180 ከ220 ሲነጻጸር ብዙ የጎደለ አይመስልም፤ ምጣዱ ግን ግፊቱንም በራሱ አባዝቶ ነው የሚቆጥረው፤ 3,500 ዋት ወደ 2,350 ይወርዳል፤ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ሊጡ ምጣዱ ላይ ይፈስሳል፣ ይተኛል፣ ዓይን ማውጣት ያቅተዋል፤ ጋጋሪዋ እርሾውን ትጠረጥራለች፣ ጤፉን ትጠረጥራለች፣ ወፍጮ ቤቱን ትረግማለች። አንዱ ብልጥ «እንግዲያው አጠር ያለ፣ እሺ ባይ ሬዚስታንስ አስገባለሁ» ይላል። ያስገባል፤ የሱ ምጣድ ይሻለዋል። የሳበው ተጨማሪ ኮረንቲ ግን የመስመሩን ግፊት ለሁሉም ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፤ ጎረቤቱም ይህን አይቶ ያሳጥራል፤ ከዚያም ቀጣዩ። ሁሉም ሲያሳጥር ጫፍ ላይ ያለው ቤት ወደ እንጨትና ጭስ ይመለሳል። መፍትሔው የመስመሩን እምቢታ መቀነስ ነው፤ ሽቦውን ማወፈር ወይም ትራንስፎርመሩን ማቅረብ፤ ይህ ደግሞ በጉጠት የሚሠራ አይደለም።

በጉጠትና በብሎን መፍቻ የሚሠራው ስፒናው ላይ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ቤታችን ውስጥ ካለው እምቢታ ሁሉ ይህን ያህል የተናቀ የለም። የላላ ሶኬት፣ ዝገት የያዘው የስፒና እግር ወይም ውስጡ ብሎኑ የላላ ገመድ የግማሽ ኦም እምቢታ ቢኖረው እንበል። ግማሽ ኦም ከምጣዱ 14 ኦም አጠገብ ምንም አይመስልም። ነገር ግን በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፏል፤ በምጣዱ የሚያልፈው፣ በሱ ምክንያት ከ16 ወደ 15 አምፔር ገደማ የወረደው ኮረንቲ ሁሉ በሱም ያልፋል። 15 በ15፣ በግማሽ፤ ከ110 ዋት በላይ ሙቀት። ባለ 100 ሻማ አምፖል በርቶ ሲቆይ በእጅ የሚያዝ አይደለም፤ ከሱ የሚበልጠው ሙቀት እዚህ አውራ ጣት በሚያህል ፕላስቲክ ውስጥ ታፍኗል። መጀመሪያ የዓሣ የሚመስል ሽታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ነጩ ሶኬት ቢጫ ይሆናል፣ ቢጫው ቡናማ፣ ቡናማው ጥቁር። ሙቀቱ የሶኬቱን የነሐስ መንጋጋ ያላላዋል፤ የላላው መንጋጋ እምቢታው ይጨምራል፤ የጨመረው እምቢታ ሙቀት ይጨምራል። እዚያው ሶኬት ላይ ያ ባለ 60 ሻማ አምፖል ቢሰካበት የሚፈጠረው ሙቀት ከአንድ ዋት አንድ ሃያ አምስተኛው እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ሶኬቱ ዓመት ሙሉ ጤነኛ መስሎ ይኖራል። ምጣዱ ሲመጣ ብቻ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ጥፋተኛ የሚባለውም ምጣዱ ነው፤ «ይሄ ምጣድ ሶኬት ያቃጥላል!»

አንዳንዱ ቤት ታዲያ ምጣዱን አንሥቶ ወደ ዲቫይደር ያዛውረዋል፤ ቀጭን ገመድ ያለው፣ የተረፈው ርዝመቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተጠቅልሎ ሶፋ ሥር የተወተፈ። እምቢታው ከአንድ ነጥብ ወጥቶ በአምስት ሜትር ገመድ ላይ ተዘረጋ፤ ተጠቅልሎ ስለተቀመጠም ሙቀቱ መውጫ የለውም። ከዚህ ይልቅ ከጋገራ በኋላ ምጣዱን ነቅሎ የስፒናውን እግር በእጅ ጀርባ መዳሰስ ይሻላል። ለብ ካለ ምንም አይደለም፤ ካቃጠለ ብሎኑን ማጥበቅ ወይም ሶኬቱን መለወጥ ነው፤ መብራቱ ከብሬከሩ ከጠፋ በኋላ፣ በደረቅ እጅ። ያ ሁሉ 110 ዋት ሁለት ሰዓት በተጋገረ ቁጥር ከኪሎዋት ሰዓት ሩብ ያህል ይወስዳል፤ ቆጣሪው ደግሞ እንጀራ የጋገረውን ኮረንቲና ፕላስቲክ የጠበሰውን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም በአንድ ታሪፍ ያስከፍላል።